ሐና በሬዲዮ ያለችኝ

ፌርፋክስ፣ የሐበሻው ሰፈር ላይ፣ ሰው ሲያስተዋውቀኝ አሁንም "ያ መኪና የሚወዳደረው ልጅ" እያለ ነው። ልጅነቱም ውድድሩም ካለፉ ቆይተዋል፤ እኔ ግን አላርማቸውም። እንደዚያ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ይጫነኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ስለ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ማውራት ይኖርብኛል። ታሪኩን በቃል ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ መጨረሻውን ግን ሁልጊዜ አሳጥሬ ነው የማልፈው። ዛሬ ሳላሳጥር ልጻፈው።

ናትናኤል እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ ናቲ ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። አባቴ ጋሽ ታደሰ ዌስትውድ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። ፌርፋክስ ላይ፣ ምግብ ቤቶቹ መሃል፣ አንዲት ጠባብ የመኪና ኢንሹራንስ ቢሮ ነበረችው። እኔና ታላቅ እህቴ ሐና ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንቀመጠው እዚያች ቢሮ ውስጥ ነበር። አማርኛ የተማርነውም እዚያው ነው፤ አባባ ፊት እንግሊዝኛ የተናገረ ማታ በእማዬ ፈንታ ሳህን ያጥባል። ሐና ቶሎ ለመደች። እኔ ብዙ ሳህን አጥቤያለሁ።

ደንበኞቹ የተጋጨ መኪናቸውን ፎቶ ይዘው ይመጡ ነበር። አንዱ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ ከኋላ ተመትቷል፤ አንዷ ፓርክ ስታደርግ ከግንብ ጋር ተላትማለች። አባባ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ፎቶውን ሲመረምር እኔም በትከሻው በኩል አያለሁ። እሱ የሚያየው ጉዳቱን ነው። እኔ የማየው መኪናው እንዴት እንደተንሸራተተ፣ ሹፌሩ መሪውን ወደየት ቢያዞር ሊተርፍ ይችል እንደነበር ነው። የመኪና ፍቅር የያዘኝ እንግዲህ ከተጨረማመቱ መኪናዎች ፎቶ ላይ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሃይስኩል እንደጨረስኩ ቫሊ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የውድድር መኪና የሚሠራ ጋራዥ ገባሁ። የጋራዡ ባለቤት ማርቪን ይባላል፤ ረጅም፣ ቀይ ፊት ያለው፣ ነገር የማያበዛ ነጭ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ወለል አስጠረገኝ፣ ቀጥሎ ጎማ አስፈታኝ፣ በመጨረሻ መሪ አስጨበጠኝ። የምንወዳደርበት ስቶክ ካር የሚባለው መኪና ከውጭ ሲያዩት የመንገድ መኪና ይመስላል። ውስጡ ግን የብረት ቱቦ፣ አንድ ወንበርና አንድ ሬዲዮ ብቻ ነው። ሞላላ ትራክ ላይ፣ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፍን፣ መከላከያ ለመከላከያ ተነካክተን እንዞራለን። ሥራዬ ብዬ የያዝኩት፣ ደመወዝ የበላሁበትና ግብር የከፈልኩበት ሙያ ይኸው ነበር። ከካሊፎርኒያ እስከ አሪዞናና ኔቫዳ ባሉ ትራኮች ላይ ዓመታት ዞርኩ። ደህና ስምም ነበረኝ።

አባባ አንድም ቀን መጥቶ አላየኝም።

"ከሰኞ እስከ ዓርብ የተጋጨ መኪና ሳይ እውላለሁ፤" ይላል። "እሁድ ደግሞ ትኬት ቆርጬ ልየው? ለዚያውም ዞራችሁ ዞራችሁ ለምትመለሱት እዚያው።"

"አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ናልኝ።"

"ትልቁ ሊግ የገባህ ዕለት እመጣለሁ። ያን ቀን ቢሮውን ዘግቼ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ ከፊት ወንበር ላይ ታገኘኛለህ። እስከዚያ ልቤን አታድክማት።"

ትልቁ ሊግ የሚለው በቴሌቪዥን የሚታየውን፣ የአገሪቱ ታላላቅ ሹፌሮች የሚሽቀዳደሙበትን ነው። እኔም ከእሱ በላይ እመኘው ነበር። ምኞቴ ሁለት ነገር ሆኖ ሳለ በአንድ ላይ ተጣብቆ ነበር፦ እዚያ መድረስ፣ ከዚያም ቀና ስል አባቴን ማየት። አባባ ግን ኩላሊቱ ታሞ፣ ብዙም ሳያስቸግረን አረፈ። ቀብሩ ላይ የፌርፋክስ ሰው ሁሉ ነበር። እኔ በሚቀጥለው እሁድ ተወዳደርኩ። ሌላ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር።

አሁን ስለ ሐና ልንገራችሁ። ሐና ሎንግ ቢች ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ እሁድ እሁድ ግን የእኔ ዓይን ነበረች። ስቶክ ካር ውስጥ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ ራስ ቁሩ አንገቱን ይዞት፣ ከፊቱ በቀር ምንም አያይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሹፌር አንድ ሰው ከተመልካች መቀመጫው ጣሪያ ላይ ቆሞ በሬዲዮ ይመራዋል፤ ስፖተር ይባላል። "ከውስጥ አለ" ካለ በግራህ መኪና አለ ማለት ነው፣ "ከውጭ አለ" ካለ በቀኝህ። "ነጻ ነህ" እስኪል ድረስ ዝንፍ አትልም። ሰው ነፍሱን የሚሰጠው ለማን ነው? እኔ ለሐና ሰጠሁ። በዚያ ላይ ተቀናቃኞቻችን ሬዲዮ ይጠልፋሉ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። እኔና ሐና ግን የምናወራው በአማርኛ ነበር። ትራኩ ላይ ካለው ሰው ሁሉ የምንለው የሚገባው ለሁለታችን ብቻ ነበር። ማርቪን ራሱ አንድ ቃል አይሰማም፤ ምን እንዳልን ሐና በእንግሊዝኛ ትነግረዋለች። ይህን ልብ በሉት።

አባባ ከሞተ ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ በበጋ፣ ማርቪን ጋራዡ ውስጥ ጠራኝና በሩን ዘጋው።

"ከሰሜን ካሮላይና አንድ ሰው ይመጣል፤" አለኝ። "የትልቁ ሊግ ቡድን አለው። ለሚቀጥለው ዓመት ሹፌር ይፈልጋል። ሁለት ልጆች አይቷል። አንተን ሊያይ ነው።"

ወጣሁና ጋራዡ ጀርባ ካለው ውሃ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ለሐና ደውዬ ነገርኳት። ሁለታችንም ስለ ማን እንደምናስብ እናውቅ ነበር።

የውድድሩ ቀን ጧት ፌርፋክስ ላይ ተገናኘን። እትዬ አስካለ፣ ከአባባ ቢሮ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው፣ የምግብ ቤታቸውን ስም በአማርኛ ፊደል መኪናዬ ጎን ላይ ያስጻፉ ሰው ናቸው። አንድ ቫን ሙሉ ሰው አሰባስበው እሳቸው ራሳቸው ከፊት ተቀምጠው ነበር።

"ዛሬ እንግዳ አለብህ አሉ፤" አሉኝ በመስኮቱ።

"አዎ እትዬ።"

"በል እንግዲህ፤ ስሜን ግድግዳ ላይ እንዳትፍቅብኝ።"

ተራራውን ወደ ሰሜን ተሻግረን ወረድን። ትራኩ ከሸለቆው ወለል ላይ፣ በለውዝ እርሻዎች መሃል ነው። ከሙቀቱ የተነሳ መኪና ውስጥ ሳንገባ ነበር የሚያልበን። እንግዳው ሰውዬ ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ከማርቪን ጋር ቆሟል። እጄን ጨበጠኝና አየኝ።

"ብታሸንፍ ደስ ይለኛል፤" አለኝ። "ግን አሸናፊ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ነገር ሲበላሽበት ሳይደናገጥ እስከ መጨረሻው የሚነዳ ሰው ነው። እሱን አሳየኝ።"

"አሳይዎታለሁ፤" አልኩት።

ስንሄድ ሐና ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ባለፈው ወር አሪዞና ላይ ተጋጭቼ ጭንቅላቴን መትቶኝ ነበር። ሐኪም አይቶኝ ደህና ነህ ብሎ ፈርሞልኛል፤ ሐናም አብራኝ ነበረች። ያም ሆኖ ነርስ ናት።

"ራስህን ያምሃል?"

"ምንም አላመመኝም ሐኒ።" እውነቴን ነበር።

"ኦኬ። ካመመህ ትነግረኛለህ።"

"እነግርሻለሁ።"

ጣሪያው ላይ ወጣች። እኔም፣ መኪናው በር ስለሌለው፣ በመስኮት ገብቼ በቀበቶ ታሰርኩ።

የውድድሩ መጀመሪያ እንደ ሰዓት የሚሠራ ነበር። መኪናው የምፈልገውን ከመፈለጌ በፊት ያደርግልኛል። "ከውስጥ አለ፣ ከውስጥ፣ ከውስጥ፣ ነጻ ነህ፤" ትላለች ሐና፤ እኔም አንድ በአንድ እያለፍኩ ወደ ፊት እጠጋለሁ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታዋ ይሰማኝ ነበር። አምስተኛ ስሆን "አይ ናቲ" ብቻ አለች፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር።

ከዚያ የቀኝ የፊት ጎማዬ ፈነዳ። መታጠፊያው መሃል ነበርኩ፤ መሪውን ባዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ግድግዳውን መታው። ያን ያህል ከባድ ምት አልነበረም። ከዚያ የባሱ ብዙ አይቻለሁ። ቢጫ ባንዲራ ወጣ፤ ሁሉም ፍጥነቱን ቀነሰ፤ እኔ በራሴ ነድቼ ወደ ፒት፣ መኪና ወደሚጠገንበት መስመር ገባሁ። መኪናው በራሱ ጎማ ከተመለሰ ሹፌሩን ሐኪም ይየው የሚል ደንብ አልነበረም። የጋራዡ ልጆች ጎማ ቀየሩ፣ የታጠፈውን ቆርቆሮ በመዶሻ መልሰው መቱት።

"ደህና ነህ?" አለች ሐና።

"ደህና ነኝ። የእትዬ አስካለን ስም ግን ፋቅኩባቸው።"

ሳቀች። ከኋላ ሆኜ እንደገና ጀመርኩ።

ሰውዬው "ነገር ሲበላሽ" ያለው ይኼው ነበር፤ እኔም ይህን አውቄዋለሁ። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። አዲስ ጎማ ነበረኝ፣ የሌሎቹ አልቋል። አንዱን በውስጥ፣ አንዱን በውጭ፣ ሁለቱን እርስ በርስ ሲጋፉ በመሃላቸው አለፍኩ። ሰው በሕይወቱ የሚችለውን ሁሉ የሚችልበት አንድ ቀን አለ መሰለኝ፤ የእኔ ያ ነበር። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ስደርስ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ቀርቶት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጥቂቱን ራሴ አስታውሰዋለሁ፤ የቀረውን ሐና ነግራኛለች።

እኔ የማስታውሰው ብርሃኑን ነው። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ትራኩ ላይ ስታበራ ሁሉ ነገር ቢጫና ለስላሳ ሆነብኝ። ከዓይኔ ጀርባ አንድ የሚከብድ ነገር ነበር፤ ግን አያምም። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ መሰለኝ። እጆቼ ያለ እኔ ይነዳሉ። እና በጣም ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ደስ አለኝ።

"ሐኒ፤" አልኳት።

"አቤት። ከውጭ አለ፣ ከውጭ፣ ነጻ ነህ።"

"አባባ የት ጋ ነው የተቀመጠው?"

ሐና መጀመሪያ ናፍቆት ነው ብላ እንደነበር ነገረችኝ። እሷም ጧት ስትነሳ ያሰበችው እሱን ነበር። "ከላይ ሆኖ ያይሃል፤" አለችኝ። "መንገድህን እይ።"

"ከላይ? ከአንቺ ጋር ጣሪያው ላይ ነው?"

ናፍቆት እንዳልሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው።

"ናቲ፣ ስንተኛ ነህ?"

"እ?"

"ደረጃህ ስንተኛ ነው? ንገረኝ።"

"ሐኒ፣ ኦሊምፒክ ጋ መብራቱ አረንጓዴ ነው? ልታጠፍ ነው።"

ኦሊምፒክ ከአባባ ቢሮ ወረድ ብሎ ፌርፋክስን የሚያቋርጠው ጎዳና ነው። እኔ በዚያ ፍጥነት፣ ከፊቴም ከኋላዬም መኪና እያለ፣ ፌርፋክስ ላይ ነበርኩ። እጆቼ ግን መታጠፊያውን አልሳቱም። ከጣሪያ ላይ ለሚያይ፣ ለባለ ነጭ ባርኔጣው ሰውዬም፣ ለእትዬ አስካለም፣ መኪናው እንደ ወርቅ ይሄድ ነበር።

ሐና ወደ ማርቪን የሚሄደውን ሬዲዮ አበራች። "ናቲ ልክ አይደለም። መውጣት አለበት።"

"ምን ሆኗል?" አለ ማርቪን። "ትራኩ ላይ ካሉት ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው።"

"አባታችን የት እንደተቀመጠ ጠየቀኝ።"

ማርቪን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሐና፣ መኪና ውስጥ ሁሉም ሰው ከሞተበት ጋር ያወራል፤" አላት። "እኔም አወራ ነበር። ጥቂት ዙር ነው የቀረው። እርግጠኛ ነሽ?"

ክፉ ሰው አይደለም ማርቪን። የማያውቀውን ነው የጠየቀው። ያልኩትን የሰማ ሰው ከሐና ሌላ አልነበረም፤ ዝም ብትል ማንም ዝም አልሽ አይላትም። እኔ ሦስተኛ ሆኜ እጨርሳለሁ፤ ሰውዬው እጄን ይጨብጠኛል፤ ከዚያ የፈለገው ይሁን። የዓመታት ምኞቴ እሷ አፍ ላይ ነበር።

"እርግጠኛ ነኝ፤" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ናቲ፣ ፒት ግባ። አሁን።"

ይህን አስታውሰዋለሁ። "አልገባም፤" አልኳት። "ሰውዬው እያየኝ ነው።" አባቴ መሞቱን ረስቼ ሰውዬውን ግን አልረሳሁም። ምኞት እንዲህ ነው ለካ።

"ናቲ፣ ነርስ ሆኜ ነው የምነግርህ። ራስህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ግባ።"

"እስከ መጨረሻው ንዳ ብሎኛል።"

"ናቲ።"

"ተይኝ ሐኒ።"

አንድ ዙር ዞርኩ። ሐና በዚያ አንድ ዙር ውስጥ ቢጫ ባንዲራ እንዲወጣ ዳኞቹን እየለመነች ነበር፤ እነሱ ደግሞ በደህና የሚሄድ መኪና እያዩ ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልጊው ይሏታል። ሁለተኛው ዙር ላይ መስመሬን ትንሽ ለቅቄ ከጎኔ ያለውን መኪና ነካሁት። ያኔ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፣ ድምፅዋም መጣ። ሐና ስትፈራ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ግን ቢሮው ውስጥ ለራት ስትጠራኝ እንደነበረው ረጋ ያለ ነበር።

"ናቲዬ፣ አባባ ፒት ውስጥ ቆሞ እየጠበቀህ ነው።"

"መጣ?"

"መጥቷል። ቢሮውን ዘግቶ መጣ።"

"ክራቫት አስሯል?"

"አስሯል፤" አለችኝ። "ና አሁን። ና በይው ብሎኛል።"

መስመሬን ለቅቄ ወደ ውስጥ ወረድኩ፣ እጄን በመስኮቱ መረብ በኩል አውጥቼ ከኋላዬ ላሉት ምልክት ሰጠሁ፣ ወደ ፒት ገባሁ። ሦስተኛ ደረጃዬን፣ ሰውዬውን፣ ትልቁን ሊግ እንደ ያዝኩት ዕቃ መሬት ላይ አስቀምጬ ገባሁ፤ አንድ ነገር የለቀቅኩ እንኳ አልመሰለኝም። ማርቪን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ልጆቹ ጎማ ይዘው ይመለከቱኛል። ሞተሩን አጠፋሁ።

"አባቴስ?" አልኩ በአማርኛ።

ማርቪን አልገባውም። የመስኮቱን መረብ አወረደና ፊቴን አየ፤ ወዲያው የእሱ ፊት ተለወጠ። አምቡላንስ ጥሩ እያለ ሲጮህ ሰማሁት። በመስኮት ጎትተው አወጡኝ። እግሬ መሬት አልረገጠልኝም። ሐና ከጣሪያው እየሮጠች ደረሰች፤ አንገቴን ስትይዘኝ በትከሻዋ በኩል ከኋላዋ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየሁ።

"የት አለ?" አልኳት።

"እጄን ያዝ፤" አለችኝ። "እጄን አጥብቀህ ያዝ።"

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ቀስ እያለ የሚፈስ፣ ቀስ እያለ አንጎልን የሚጫን። ከፍተው አወጡት። ቀዶ ጥገናውን ያደረገችው ሐኪም፣ "እህትህ ናት ያዳነችህ፤ እኛ የጀመረችውን ነው የጨረስነው፤" አለችኝ። መንዳት ትችላለህ፣ መሥራት ትችላለህ፣ ልጅ ማሳደግ ትችላለህ አለችኝ። ውድድር ግን አበቃ። አንድ ተጨማሪ ምት ቢያገኘኝ ከዚያ ወንበር በእግሬ አልነሳም።

ሐኪሟ ይህን የነገረችኝ ግን ኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሆነ ነገር አለ፤ አሳጥሬ የማልፈው ይኸንን ነበር። ከማደንዘዣው ስነቃ ሐሳቤ ገና አልተሰበሰበም። እናቴ አልጋዬ አጠገብ ነበረች። "እማዬ፣ አባባ ውጭ ነው?" አልኳት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ሐና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋች።

"ናቲ፣ አባባ ሞቷል፤" አለችኝ። "ባለፈው ዓመት። አብረን ነው የቀበርነው። እንድትገባልኝ ብዬ ዋሸሁህ።"

ቀስ ብሎ ተመለሰልኝ። ሆስፒታሉ፣ ቀብሩ፣ የተዘጋው ቢሮ። ሰው አባቱን አንድ ጊዜ ነው የሚቀብረው ይባላል። እኔ ሁለተኛ ቀበርኩት፤ ሁለተኛው የባሰ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ እንግዳ ማስተናገድ ነበረብኝ፣ በሚቀጥለው እሁድም ውድድር ነበረኝ። አሁን ሥራ የለኝ፣ የምሮጥበት የለኝ፤ ኮርኒሱን እያየሁ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ሰውዬው አንድ ጊዜ ደወለልኝ። ደህና ቃል ነው የተናገረኝ። "ነገር ሲበላሽ እንዴት እንደምትነዳ አይቻለሁ፤" አለኝ። ወንበሩን ለሌላ ልጅ ሰጠው። የልጁን የመጀመሪያ ውድድር በቴሌቪዥን አየሁት፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እግሬ ወለሉን ይረግጥ ነበር።

ከሐና ጋር ለወራት ልክ አልነበርንም። አልተጣላንም። ትመጣለች፣ መድኃኒቴን ታያለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ተቀምጠን፣ ሽሯችን ሳይነካ ቀዝቅዞ፣ ተናገርኩት።

"ሌላ ነገር ማለት ትችይ ነበር። መኪናው ተቃጥሏል ማለት ትችይ ነበር።"

"አትሰማኝም ነበር።"

"ሌላ ሰው መጥራት ትችይ ነበር።"

"ማንን?" አለችኝ። "ንገረኝ ናቲ። እኔ ና ስልህ አልመጣህም። ነርስ ነኝ ስልህ አልመጣህም። ትልቁን ሊግ ትተህ የምትመጣለት ሰው አንድ ብቻ ነው ያለህ። እኔ ምን ላድርግ እሱ ቢሞት?"

የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠችና እጇን አየች።

"አንድ ነገር ልንገርህ?" አለችኝ። "ቆሟል ብዬ ስነግርህ፣ እኔም ቀና ብዬ ወደ ፒቱ አየሁ።"

"አንቺ?"

"እኔ። ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም። አየሁ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ በእሷ ላይ ምንም የለኝም።

አሁን ጋራዡ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ማርቪን አርጅቷል፣ አብዛኛውን እኔ ነኝ የምይዘው። ለሌሎች ሹፌሮች መኪና አዘጋጃለሁ። ሞተሩን አስነስቼ፣ ሰምቼ፣ እጄን በሞቀው ቆርቆሮ ላይ አሳርፌ አስረክባለሁ። ሲወጣ ቆሜ አየዋለሁ። አለፈልኝ አልላችሁም። አንዳንድ እሁድ ትራክ ሄጄ የተቃጠለ ጎማ ሲሸተኝ ውድድሩ ሳያልቅ ወጥቼ እሄዳለሁ። ያቺ ሁሉን የቻልኩባት ቀን እንደገና ብትመጣ ብዬ እመኛለሁ፤ እንደማትመጣ እያወቅኩ እመኛለሁ።

ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ግን ከእናንተም መሃል ለአንድ ነገር ዓይናችሁን ሳትነቅሉ የምትሮጡ ትኖራላችሁ። እንደዚያ የሚሮጥ ሰው ከፊቱ በቀር አያይም፤ ራሱ ውስጥ ያለውን ጭራሽ አያይም። ከላይ ቆሞ የሚያይላችሁ፣ በቋንቋችሁ የሚጠራችሁ ሰው ካላችሁ፣ ተወኝ ስትሉት ያልተዋችሁን ሰው፣ ዛሬ ደውሉለት። እኔ ሐናን ለማመስገን በጣም ዘግይቻለሁ።

ሰዎች "ከውድድሩ የሚናፍቅህ ምንድን ነው?" ይሉኛል። ፍጥነቱን እንድላቸው ይጠብቃሉ፤ እኔም ነገሩን ላለማስረዘም ፍጥነቱ እላቸዋለሁ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ፒት መግቢያው ላይ በፍጥነት መንዳት ክልክል ነው፤ እንደ እግረኛ ቀስ ብሎ ነው የሚኬደው። ያን ዕለት በዚያች አጭር መንገድ ላይ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ከቆሙት ሰዎች መሃል ክራቫት ያሰረ ሰው እየፈለግኩ ስገባ፣ አባቴ በሕይወት ነበር። ሊያየኝ መጥቶ ነበር። የሚናፍቀኝ እሱ ነው፤ ያ ቀስ ብዬ የነዳሁት።